የአምላክን ስም ደጋግሞ መጥራት በሂንዱዎች ዘንድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፑኔ በምትባለው የሕንድ ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሰፈሩ ሁሉ «አጂ» ይላቸዋል፤ በማራቲ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እኔም አጂ እላቸው ነበር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከግድግዳው ማዶ ድምፃቸው ይመጣል፦ «ራም ክሪሽና ሃሪ፣ ራም ክሪሽና ሃሪ»። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፌን ይነሳኝ ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ድምፁ ሲጠፋብኝ ደንግጬ በራቸውን አንኳኳሁ። ጉንፋን ይዟቸው ኖሮ በሹክሹክታ ነበር የሚሉት።

አገር ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ሰዎች ስለዚህ ልማድ ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የአጂ ሃይማኖት የእኔ አይደለም። ግን በቅርብ አይቼዋለሁ፣ አክብሬዋለሁ፣ ብዙም አስተምሮኛል።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው?

የአምላክን ስም፣ ወይም ስሙ ያለበትን አጭር ጸሎት፣ እየደጋገሙ መጥራት ነው። ሰው ብቻውን በመቁጠሪያ ሲያደርገው «ጃፓ» ይባላል። በማኅበር ሆኖ፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ሲዘመር ደግሞ «ኪርታን» ይሉታል። «ናም» ማለት ስም ነው። ስለዚህ «ናም ጃፓ» ሲሉ ከሰማችሁ ስም መጥራት ማለታቸው ነው።

ባጋቫድ ጊታ በሚባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ምዕራፍ 10 ላይ አምላክ ክሪሽና «ከመሥዋዕቶች መካከል እኔ ጃፓ ነኝ» ይላል። ይህ ቀላል አነጋገር አይደለም። የጥንቱ የእሳት መሥዋዕት ቅቤ ይፈልጋል፣ እህል ይፈልጋል፣ ቬዳ የሚባሉትን ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት በቃሉ የሚያውቅ ብራህማን፣ ማለትም ከካህናት ወገን የተወለደ ሰው ይፈልጋል። ድሃ ሰው ከየት ያመጣዋል? ስም ለመጥራት ግን ምላስ ይበቃል።

ስም ብቻ መጥራት እንዴት ጸሎት ይሆናል? ምንም አልተለመነም እኮ!

አብዛኛው ሰው ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ብሎኝ ነበር። በተለምዶ ስም ምልክት ነው። «ውሃ ውሃ» ቢሉ ጥም አይቆርጥም። የዚህ ትውፊት መምህራን ግን የአምላክ ስም ከሌላው ስም ይለያል ይላሉ። ስሙና ባለስሙ አንድ ናቸው። ስሙ ምላስ ላይ ካረፈ ባለቤቱ ራሱ መጥቷል ማለት ነው። እንግዲህ እሱ ከመጣ ምን ይለመናል? ጥሪው ራሱ መገናኛው ነው። አጂ አንድም ቀን «ይህን ስጠኝ» ሲሉ አልሰማኋቸውም።

በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው ባለቅኔው ቱልሲዳስ በጣም የምወደው ምሳሌ አለው። ውስጥህም ውጭህም እንዲበራ ከፈለግህ የአምላክ ራምን ስም እንደ ዕንቁ መብራት በበርህ ደፍ፣ ማለትም በምላስህ ላይ አስቀምጠው ይላል። አፍ በር ነው፤ ምላስ ደፍ ናት። አጂ አመሻሽ ላይ ደጃፋቸው ላይ ትንሽ የሸክላ ኩራዝ ያስቀምጡ ነበር። የዚያች ኩራዝ ብርሃን ግማሹ ወደ ሳሎን ይገባል፣ ግማሹ ደረጃው ላይ ይወርዳል። ምሳሌው የገባኝ ያኔ ነው።

ቱልሲዳስ በዚህ አያበቃም። ስሙ ከራም ከራሱ ይበልጣል እስከማለት ይደርሳል። ራም በሥጋ ተገልጦ ሳለ አንዲት የመናኝ ሚስት አዳነ፤ ስሙ ግን የእልፍ አእላፍ ክፉዎችን ልብ መለሰ ይላል።

የትኛውን ስም ነው የሚጠሩት? አማልክቶቻቸው ብዙ አይደሉም እንዴ?

እንደየቤተሰቡ፣ እንደየአካባቢው፣ እንደየመምህሩ ይለያያል። ሺቫ የሚባለው አምላክ ወዳጆች «ናማ ሺቫያ» ይላሉ፤ አምስት ፊደል ናት፣ አብዛኛውን ጊዜ «ኦም» ይቀድማታል። በሰሜን ሕንድ «ራም» በሰላምታም በለቅሶም ይገባል። በማሃራሽትራ፣ አጂ ባሉበት አገር፣ «ቪታል» ይላሉ፤ የክሪሽና ሌላ ስሙ ነው። ማሃባራታ በሚባለው ጥንታዊ የጦርነት ታሪክ ውስጥ ደግሞ ሽማግሌው ቢሽማ በቀስት አልጋ ላይ ተጋድሞ ሞቱን ሲጠብቅ ለንጉሡ ለዩዲሽቲራ የአምላክ ቪሽኑን 1,000 ስሞች ይነግረዋል፤ ራምና ክሪሽና የቪሽኑ መገለጫዎች ናቸው ይባላል። እነዚያን ስሞች እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በቃላቸው የሚወጡ ቤተሰቦች አሉ።

ብዙዎቹ ምእመናን በስሞቹ መካከል ግጭት አያዩም። ሰው ለልቡ የቀረበውን ይይዛል። ከያዘ በኋላ ግን እንዲጸናበት ይመከራል። ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ማለት ጉድጓድ በየቦታው ጀምሮ እንደመተው ነው፤ ውሃው ጋ አያደርስም።

መቁጠሪያው ላይ ለምን 108 ሆነ?

የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ፣ በሕንድ ኮከብ ቆጠራ 12 የሰማይ ክፍሎች በ9 ፕላኔቶች ሲባዙ 108 ይሆናሉ የሚለው ነው። አጂን ስጠይቃቸው «እናቴ የሰጠችኝ መቁጠሪያ 108 ነበረው» ብለው ዘጉት።

አያያዙ ግን ሥርዓት አለው። ከ108ቱ ሌላ አንድ ተለቅ ያለ ፍሬ አለ፣ «ሜሩ» ይባላል። ቆጠራው ከእሱ ጎን ይጀምርና ዞሮ እሱ ጋ ሲደርስ አይታለፍም። መቁጠሪያው ተገልብጦ በመጣበት ይመለሳል። ፍሬውን የሚገፋው አውራ ጣት ነው፣ የመሃል ጣት ይደግፈዋል። ጠቋሚ ጣት አይነካውም። «በዚህ ጣት ሰው ይከሰሳል» ብለውኛል አጂ፣ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው።

የቪሽኑ ወገኖች ፍሬው ከቱልሲ እንጨት እንዲሆን ይፈልጋሉ። ቱልሲ የበሶብላና የዳማከሴ ዘመድ ናት፤ ቅጠሏን አሸት ቢያደርጉት ሽታዋ ወዲያው አገር ቤት ይወስዳል። የሺቫ ወገኖች ሩድራክሻ የሚባል ሸካራ የዛፍ ፍሬ ይይዛሉ።

የአጂ መቁጠሪያ ከእጅ ወዝ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። አንዷ ፍሬ ተሰንጥቃ በቀይ ክር ታስራለች። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በር ሲያንኳኳ አውራ ጣታቸውን የደረሱበት ፍሬ ላይ ተጭነው ይነሳሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ ሰውየውን ያናግሩታል፣ ይሸኙታል። ሁሉንም በአንድ እጅ። ከዚያ ተመልሰው ይቀመጡና ካቆሙባት ፍሬ ይቀጥላሉ።

ጮክ ብሎ ነው፣ በሹክሹክታ ነው ወይስ በልብ?

ሦስቱም ይቻላል፣ ለሦስቱም ስም አላቸው። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ሹክሹክታውን ከድምፁ፣ የልቡን ከሹክሹክታው ያስበልጣል። የቤንጋሉ መናኝ ሃሪዳስ ግን በዚህ አልተስማማም። በልቡ የሚጠራ ራሱን ይጠቅማል፣ ጮክ ብሎ የሚጠራ ግን መናገር ለማይችሉት ለወፎቹና ለነፍሳቱ ጭምር ያሰማላቸዋል አለ። እኔን ይህ መልስ ያሸንፈኛል።

ሃሪዳስ ከሙስሊም ቤተሰብ እንደተወለደ ይተረካል። በቀን 300,000 ስም ይጠራ ነበር ይባላል። ስሙን እንዲተው 22 ገበያ ላይ እያዞሩ ገርፈውታል፤ እሱ ግን ለገራፊዎቹ ይጸልይ ነበር።

ሐሳቤ እየባዘነ ስም ብጠራ ጥቅም አለው?

ትውፊቱ ራሱ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው።

አንደኛው ከካቢር ነው። ካቢር ባናራስ በምትባል የሕንድ ከተማ ሸማኔ ነበር፤ የሙስሊም ሸማኔዎች ቤት ያደገ፣ ሂንዱዎችም ሙስሊሞችም የእኛ ነው የሚሉት ባለቅኔ። አስመሳይ አይወድም። መቁጠሪያው በእጅ ይዞራል፣ ምላስ በአፍ ውስጥ ይዞራል፣ ልብ ደግሞ በአሥሩ አቅጣጫ ይዞራል፤ ይሄ አምላክን ማሰብ አይደለም ይላል።

ሁለተኛው የአጃሚላ ታሪክ ነው፤ ባጋቫታ ፑራና በሚባል ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ ይገኛል። አጃሚላ ብራህማን ሆኖ ተወልዶ ሚስቱንና ወላጆቹን ጥሎ በስርቆትና በማጭበርበር የኖረ ሰው ነው። በስተርጅና አንድ ልጅ ወለደና «ናራያና» ብሎ አወጣለት። ናራያና የቪሽኑ ስም ነው። ሰውየው ግን ያሰበው ልጁን ብቻ ነው። የሞት መልእክተኞች ገመዳቸውን ይዘው ሲመጡ ፈርቶ «ናራያና!» ብሎ ጮኸ። ልጁን ነበር የጠራው። የቪሽኑ መልእክተኞች ግን ከተፍ አሉና ሞትን አስጣሉት። ሲጠየቁም፣ እሳት እንጨቱን የሚያቃጥለው ለኳሹ ስላወቀ ነው ወይ? መድኃኒት የሚሠራው ጠጪው ስሙን ስላወቀ ነው ወይ? ብለው መለሱ።

በነገራችን ላይ አጃሚላ ያኔ አልሞተም። ከአልጋው ተነስቶ፣ ሁሉን ትቶ፣ ጋንጅስ ወንዝ ዳር ሄዶ መነኮሰ። ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ይህችን ክፍል ይዘሏታል። ያለ እሷ ግን ታሪኩ ሌላ ይሆናል፤ በድንገት የወጣው ስም በኋላ በፈቃዱ የሚጠራው ስም ሆኖለታል።

አጂን ጠይቄያቸዋለሁ። «ልቤማ ገበያ ይሄዳል» አሉኝ። «ምላሴ ቤት ትጠብቀዋለች። ሲመለስ በሩ እንዳይዘጋበት።»

ስም መጥራት ለሁሉም የተፈቀደ ነው? ቤተ መቅደስ እንዳይገባ የተከለከለ ሰውስ?

በዚህ ገጽ ላይ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄኛውን አንብቡ።

የሕንድ የዘር ክፍፍል ክፉ ቁስል ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት «አይነኬ» የተባሉ ሰዎች ከቤተ መቅደስ ደጃፍ ውጭ ቆመዋል። ቾካሜላ ከእነሱ አንዱ ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረ ማሃር ነው፤ ማሃሮች የሞተ ከብት እንዲያነሱ የተፈረደባቸው ወገኖች ናቸው። ፓንደርፑር ላይ ያለውን የቪታልን መቅደስ ነፍሱ እስክትወጣ ይወደው ነበር፤ መግባት ግን አይችልም። ደጅ ቆሞ ስሙን ይጠራል። ግጥሞቹ እስከ ዛሬ ይዘመራሉ።

አሟሟቱ ያሳዝናል። በ1338 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማንጋልቬዳ በምትባል ከተማ ግንብ ሲሠራ ግንቡ ተደርምሶ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ቀበረው። ወዳጁ ናምዴቭ አስከሬኑን ሊፈልግ መጣ። ናምዴቭ የልብስ ሰፊዎች ልጅ ነው፣ እሱም ባለቅኔ። አጥንቶቹ ተቀላቅለዋል። የማንን ከማን ይለዩታል? ናምዴቭ አጥንቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ጆሮው ላይ አስጠጋ። «ቪታል፣ ቪታል» የሚል ድምፅ የሚሰማባቸውን ለይቶ ወሰደ። ፓንደርፑር አምጥቶም መቅደሱ በር ፊት ለፊት ቀበራቸው። መቃብሩ ዛሬም እዚያው ነው። ወደ ቪታል የሚገባ ሰው በቾካሜላ በኩል ነው የሚያልፈው።

ተረት ነው የሚል ይኖራል። ይሁን። ግን ያን ተረት የያዙት ሰዎች ምን እያሉ እንደነበር አስቡት። ካህናቱ ሥጋውን ከደጅ መለሱ፤ ስሙ ግን አጥንቱ ድረስ ገብቷል።

ጃናባይ የምትባል የናምዴቭ ቤት አገልጋይም ነበረች። ሌሊት ተነስታ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች፤ እየፈጨች ስሙን ትጠራለች። ቪታል ራሱ መጥቶ አብሯት ወፍጮውን ይገፋ ነበር ይላሉ። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ የሰማ ሰው ይህን ለማመን ብዙ አይቸግረውም።

ቤተ መቅደሱ ግን ለአይነኬዎቹ የተከፈተው በ1947 ነው። ሳኔ ጉሩጂ የሚባሉ መምህርና ጸሐፊ በግንቦት ወር ጾመው፣ አገር ተንቀሳቅሶ፣ በሩ ተከፈተ። ከቾካሜላ ሞት 600 ዓመት አልፎ ማለት ነው። ስሙ ቀድሞ ከፍቶላቸው የነበረውን ሰዎች ለመክፈት ይህን ያህል ዘገዩ።

ቪታል ለምን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ?

ሥዕሉን አይታችሁት ከሆነ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፑንዳሊክ የሚባል ሰው ወላጆቹን ሲያገለግል አምላክ ሊጎበኘው ደጁ መጣ ይባላል። ፑንዳሊክ ከወላጆቹ እግር አልተነሳም። ጡብ ወረወረለትና «እዚያ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ» አለው። አምላክም ጡቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እስከ ዛሬ አልወረደም።

የስሙ ጉዞ የሚባለው ምንድን ነው?

«ዋሪ» ይሉታል። በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ መካከል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእግራቸው ወደ ፓንደርፑር ይሄዳሉ። ከአላንዲ የሚነሳው መንገድ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በ1296 በወጣትነቱ አላንዲ ላይ ያረፈው የድንያኔሽዋር የእግር ጫማ ምስል በብር ቃሬዛ ይጫናል። ከዴሁ ደግሞ የቱካራም ይነሳል። ቱካራም የ17ኛው መቶ ዘመን ባለ ሱቅ ነበር፤ በረሃቡ ዘመን ሚስቱን አጥቷል። ከዚያ ሐዘን በኋላ የጻፋቸውን ግጥሞች ገበሬው ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል።

ሁለቱም ጉዞዎች ፑኔ ያድራሉ። የክረምቱ ዝናብ የሚጀምርበት ሰሞን ነው። ከተማው ይዘጋል። ነጭ የለበሱ ገበሬዎች፣ በገመድ የታሰሩ ትንንሽ የነሐስ ሳህኖች እያጋጩ፣ ከበሮ እየመቱ ያልፋሉ። ሴቶቹ የቱልሲ ችግኝ በራሳቸው ተሸክመዋል። ሁሉም ሰው ሌላውን «ማውሊ» ይለዋል፤ እናት ማለት ነው። ሻይ ሻጩም ማውሊ፣ ፖሊሱም ማውሊ፣ እኔም ማውሊ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እግሬን ሲነካ ክው አልኩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል። «አይገባም» ብዬ ወደኋላ ስል አጂ ከጎኔ ክንዴን ያዙና «አንተም ንካ» አሉኝ። ነካሁ። እርስ በርሳቸው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት፤ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ቪታል አለ ስለሚሉ።

«ሃሬ ክሪሽና» የሚሉትስ ከዚህ ጋር ይገናኛሉ?

አዎ፣ ምንጩ ግን ቤንጋል ነው። በ1486 ናቫድዊፕ የተወለደው ቻይታኒያ የኪርታንን ዝማሬ አደባባይ አወጣው። እሱ ትቶት ያለፈው ጽሑፍ ስምንት ግጥም ብቻ ነው ይባላል። ከሣር ይልቅ ዝቅ ብለህ፣ ከዛፍ ይልቅ ታግሰህ ስሙን ጥራ የሚለው ከእነዚያ አንዱ ነው። በ1965 ፕራቡፓዳ የሚባሉ የ69 ዓመት መነኩሴ ጃላዱታ በተባለች የጭነት መርከብ ከካልካታ ወደ ኒውዮርክ ሄዱ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልባቸው ታመመ። በ1966 የሃሬ ክሪሽናን ማኅበር መሠረቱ። ጸሎቱ 16 ቃላት አሉት፣ ልዩ ልዩዎቹ ግን ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሃሬ፣ ክሪሽና፣ ራማ። ቃል የገባ አባል በየቀኑ መቁጠሪያውን 16 ጊዜ ይዞራል። 1,728 ጊዜ ማለት ነው።

ስሙን እየጠራ ክፋት የሚሠራስ?

በስሙ ላይ የሚፈጸሙ አሥር በደሎች ተብለው የተዘረዘሩ አሉ። ከእነሱ አንዱ ይሄው ነው፦ ስሙ ያነጻኛል ብሎ ተማምኖ ኃጢአት መሥራት።

ከእኛ መቁጠሪያ ጋር ይመሳሰላል?

ድርጊቱ ይመሳሰላል። እኛ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ እንላለን፤ ሙስሊም ወንድሞቻችን ዚክር ያደርጋሉ፣ 99 የአላህ ስሞችም አሏቸው። «የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራ ሁሉ ይድናል» የሚለውንም ከትንቢተ ኢዩኤል እናውቀዋለን። ትምህርቱ ግን ይለያያል። የምንጠራው ማን ነው በሚለው ላይ አንድ አይደለንም፤ እንደሆንን አስመስሎ ማውራት ለሁላችንም ክብር አይሆንም። አጂ መቁጠሪያዬን አይተው የጠየቁኝ «ስንት ነው?» ብለው ብቻ ነበር። «41» አልኳቸው። «ጥሩ» አሉ።

በሞት ጊዜ የሚባለው ምንድን ነው?

በሰሜን ሕንድ አስከሬን ሲሸኝ «ራም ናም ሳትያ ሄ» ይላሉ፣ የራም ስም እውነት ነው። ማሃትማ ጋንዲ ልጅ ሳሉ ጨለማና መናፍስት ይፈሩ ነበር። ራምባ የምትባል የቤታቸው ሞግዚት «ስትፈራ ራም በል» ብላ አስተማረቻቸው። የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ራሳቸው ጽፈውታል፤ በሸመገሉ ጊዜም ያ ስም የማይሳሳት መድኃኒት እንደሆነላቸው፣ ዘሩን የዘራችው ያቺ ደግ ሴት እንደሆነች።

ሌላ እምነት ያለው ሰው ኪርታን ላይ መገኘት ይችላል?

ይችላል፣ ደስ ይላቸዋል። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ። ወለል ላይ ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ምስሉ አትዘርጉ። መዝመር የማትፈልጉ ከሆነ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር የለውም። መጨረሻ ላይ «ፕራሳድ» የሚሉትን የተባረከ ምግብ ያድላሉ። መቀበሉ ለእነሱ የእምነት ነገር ስለሆነ አስቀድማችሁ ከራሳችሁ ጋር ወስኑ፤ ካልፈለጋችሁ በቀኝ እጅ ደረትን ነክቶ ማመስገን ይበቃል። ዋሪውን ማየት የሚፈልግ የዓመቱን ቀን አስቀድሞ ጠይቆ በሰኔ አካባቢ ፑኔ ይገኝ፤ ጃንጥላ ይያዝ። ሰው «ማውሊ» ሲላችሁ «ማውሊ» ብላችሁ መልሱ።